አዲስ የአማርኛ ጦማር በፍለጋ ሞተሮች እንዲገኝ ሊከናወኑ የሚገባቸው ተግባራት

መግቢያ

በግብርና፣ በጤና፣ በትምህርት፣ በሕግና በንግድ ጉዳዮች ላይ በአማርኛ የሚጻፉ ጦማሮች (ብሎጎች) ለኅብረተሰቡ ጠቃሚ ዕውቀት የሚተላለፍባቸው መንገዶች ናቸው። ይሁን እንጂ አንድ ጽሑፍ በኢንተርኔት ላይ መውጣቱ ብቻውን ለሚፈልገው ሰው ይደርሳል ማለት አይደለም። ንቦቹ ቀፎ ጥለው የሄዱበት አናቢ ምክንያቱን ለማወቅ በእጅ ስልኩ በአማርኛ ቢጠይቅ፣ መልሱን ጠንቅቆ የሚያውቅ ባለሙያ የጻፈው ጽሑፍ ሳይታየው ሊቀር ይችላል። በምትኩ በማይረዳው ቋንቋ የተጻፈ ወይም ምንጩ የማይታወቅ መረጃ ያገኛል። ጉዳቱም በጸሐፊው ድካም ላይ ብቻ ሳይሆን መረጃውን በሚፈልገው ዜጋ ሥራና ኑሮ ላይ ጭምር የሚደርስ ነው።

የአማርኛ ጽሑፎች ከፍለጋ ውጤት የሚጠፉባቸው ምክንያቶች በአብዛኛው የይዘት ጉድለት ሳይሆኑ በቀላሉ ሊታረሙ የሚችሉ የአዘገጃጀት ጉድለቶች ናቸው። ይህ ጽሑፍ የፍለጋ ሞተሮችን አሠራር በአጭሩ ካብራራ በኋላ አዲስ ጦማር የሚከፍቱ ግለሰቦች፣ ማኅበራትና ተቋማት በቅደም ተከተል ሊያከናውኗቸው የሚገቡ ተግባራትን ያቀርባል። የተጠቀሱት ተግባራት በሙሉ ያለ ክፍያ ሊፈጸሙ የሚችሉ ናቸው።

1. የፍለጋ ሞተር አሠራር

እንደ ጉግል እና ቢንግ ያሉ የፍለጋ ሞተሮች ሥራቸውን በሦስት ደረጃዎች ያከናውናሉ።

የመጀመሪያው ደረጃ ገጾችን ማግኘት ነው። ክሮውለር ተብሎ የሚጠራው ፕሮግራም ቀደም ሲል ከሚያውቃቸው ገጾች በመነሣት በውስጣቸው የሚገኙትን ማስፈንጠሪያዎች (ሊንኮች) እየተከተለ ወደ አዳዲስ ገጾች ይደርሳል። ማንም የማይጠቁመውና በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ ያልተመዘገበ ገጽ መንገድ እንዳልወጣለት መንደር ነው፤ ቢኖርም የሚደርስበት የለም።

ሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ነው። የፍለጋ ሞተሩ የደረሰበትን ገጽ ካነበበ በኋላ ስለ ምን ጉዳይ እንደተጻፈ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ፣ ከሌሎች ገጾች ጋር ያለው ተመሳሳይነት ምን ያህል እንደሆነ መርምሮ ማውጫው (ኢንዴክስ) ውስጥ ያስገባዋል። የተገኘ ገጽ ሁሉ ግን ይመዘገባል ማለት አይደለም፤ ባዶ የሆኑ፣ ከሌላ ቦታ የተገለበጡ ወይም ሊነበቡ የማይችሉ ገጾች ከማውጫው ውጪ ሊቀሩ ይችላሉ።

ሦስተኛው ደረጃ ደረጃ መስጠት ነው። አንድ ሰው ጥያቄውን ሲያቀርብ የፍለጋ ሞተሩ በማውጫው ውስጥ ካሉት ገጾች መካከል ለጥያቄው ይበልጥ ይስማማሉ ያላቸውን መርጦ በቅደም ተከተል ያቀርባል።

እነዚህን ሦስት ደረጃዎች ለይቶ ማወቅ ችግሩን በትክክለኛው ቦታ ለመፈለግ ይረዳል። ገና ያልተገኘን ገጽ ርዕሱን ደጋግሞ በማሻሻል ወደ ፊት ማምጣት አይቻልም፤ ተገኝቶ ያልተመዘገበን ገጽም ማስታወቂያ በመሥራት ማስመዝገብ አይቻልም።

2. በሩ ክፍት መሆኑን ማረጋገጥ

አንዳንድ ጊዜ ጦማሩን ከፍለጋ ሞተሮች የሚሰውረው የራሱ የጦማሩ ቅንብር (ሴቲንግ) ነው። ዎርድፕረስ በተባለው ሥርዓት የተሠሩ ጦማሮች የንባብ ቅንብር ክፍል ውስጥ የፍለጋ ሞተሮች ገጹን እንዳይመዘግቡ የሚጠይቅ አማራጭ አላቸው። ብሎገር በተባለው የጉግል አገልግሎትም ተመሳሳይ አማራጭ ይገኛል። ጦማሩ በመሠራት ላይ ሳለ ይህ አማራጭ ተመርጦ ሥራው ሲጠናቀቅ ሳይነሣ ከቀረ፣ ጽሑፎቹ ምን ያህል የተሟሉ ቢሆኑም በፍለጋ ውጤት ላይ አይታዩም። ስለሆነም ጦማሩ ለሕዝብ ክፍት በሚሆንበት ዕለት በቅድሚያ ሊረጋገጥ የሚገባው ይህ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ ሁለት ትእዛዛትን ለይቶ መረዳት ያስፈልጋል። አንደኛው ሮቦትስ ተብሎ በሚጠራው ፋይል ውስጥ የሚሰፍር ሲሆን ክሮውለሩ ወደ የትኞቹ ገጾች መግባት እንደሌለበት ይገልጻል። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረ ነው። ሁለተኛው ኖኢንዴክስ የሚባል ሲሆን በገጹ ውስጥ ተጽፎ ገጹ በማውጫ ውስጥ እንዳይመዘገብ ያደርጋል። ሁለቱ አንዱ ለሌላው ምትክ አይሆኑም። ወደ ገጹ እንዳይገባ የተከለከለ ክሮውለር በገጹ ውስጥ የተጻፈውን ትእዛዝ ሊያነብ አይችልም። ጦማሩን በሌላ ባለሙያ ያሠራ ሰው ሥራውን በሚረከብበት ጊዜ እነዚህ ትእዛዛት በስሕተት አለመቀመጣቸውን እንዲያረጋግጥለት ባለሙያውን ሊጠይቅ ይገባል።

ለማንበብ መለያ ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ገጽም ለፍለጋ ሞተር ዝግ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ሥራቸውን በዝግ የቴሌግራም ወይም የፌስቡክ ቡድኖች ውስጥ ብቻ ያሰፍራሉ። እንዲህ ያለው ጽሑፍ በዕለቱ ለቡድኑ አባላት ቢደርስም ከወራት በኋላ ስለ ጉዳዩ ለሚፈልግ ሰው አይገኝም። ስለዚህ ሙሉውን ጽሑፍ በጦማሩ ላይ ማስፈርና በማኅበራዊ ሚዲያ አጭር መግለጫውን ከነማስፈንጠሪያው ማሰራጨት ይመረጣል።

3. ጽሑፉ በእርግጥ ጽሑፍ መሆኑን ማረጋገጥ

ለአማርኛ ጽሑፎች አለመገኘት ጉልህ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ ጽሑፉ ለዓይን የሚነበብ፣ ለኮምፒዩተር ግን የማይነበብ ሆኖ መቅረቡ ነው። ይህ ችግር በሦስት መልክ ይገለጣል።

የመጀመሪያው ጽሑፍን በምስል ማቅረብ ነው። ማስታወቂያዎች፣ መመሪያዎችና ደብዳቤዎች በፎቶግራፍ ተነሥተው ወይም በሥዕል መልክ ተዘጋጅተው ይለጠፋሉ። ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚያነቡ ፕሮግራሞች ቢኖሩም ደብዛዛ ፎቶግራፍን፣ በማኅተም የተሸፈነን መስመር ወይም በጌጠኛ ፊደል የተጻፈን ቃል በትክክል ላያነቡ ይችላሉ። ምስሉ አስፈላጊ ከሆነ ሙሉ ቃሉ ከሥሩ በጽሑፍ መቅረብ ይኖርበታል። ለሌሎች ፎቶግራፎችና ሥዕሎችም ይዘታቸውን የሚገልጽ አጭር አማራጭ ጽሑፍ መጻፍ ያስፈልጋል። ይህ ለፍለጋ ሞተር ብቻ ሳይሆን ማየት ለተሳናቸውና በድምፅ አንባቢ ፕሮግራም ለሚጠቀሙ ዜጎችም አገልግሎት ይሰጣል።

ሁለተኛው የተቃኘ (ስካን የተደረገ) ፒዲኤፍ ነው። ከኮምፒዩተር በቀጥታ ወደ ፒዲኤፍ የተቀየረ ሰነድ በውስጡ ፊደላትን ሊይዝ ይችላል፤ ታትሞ፣ ማኅተም አርፎበት እንደገና የተቃኘ ሰነድ ግን የምስል ስብስብ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ አንድ ቃል በሰነዱ ላይ መርጦ ለመገልበጥ መሞከር በቂ ነው። ቃሉ ካልተመረጠ ሰነዱ ምስል ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ከዩኒኮድ በፊት የነበሩ ፎንቶችን መጠቀም ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ዕትም ነው። ከዚያ በፊት የተዘጋጁት ቀደምት የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የግዕዝ ፊደላትን ቅርጽ የሚያሳዩት ለላቲን ፊደላትና ምልክቶች በተመደቡ ቁጥሮች ላይ በማስቀመጥ ነበር። በእነዚህ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ጥርት ያለ አማርኛ ሆኖ ቢታይም ለፍለጋ ሞተር ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክቶች ድርድር ነው። በየተቋማቱና በየግለሰቡ እጅ የሚገኙ ብዙ የቆዩ ጠቃሚ ሰነዶች በዚህ መልክ የተጻፉ በመሆናቸው ወደ ጦማር ከመውጣታቸው በፊት ወደ ዩኒኮድ መቀየር ይኖርባቸዋል። ለማጣራት ጥቂት መስመሮችን ገልብጦ ወደ እጅ ስልክ በአጭር መልእክት መላክ ይቻላል። ጽሑፉ በስልኩ ላይ በአማርኛ ከተነበበ ዩኒኮድ ነው፤ የተመሰቃቀሉ ምልክቶች ከታዩ ግን መቀየር ያስፈልገዋል።

4. የአማርኛ አጻጻፍና የፈላጊው አጠያየቅ

አማርኛ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው የተለያዩ ፊደላት አሉት። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። አንባቢ «ኃይል»፣ «ሀይል» እና «ሃይል» የሚሉትን እንደ አንድ ቃል ያነባቸዋል። ለኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ያለው የተለየ ምልክት ነው። የፍለጋ ሞተሮች ተቀራራቢ አጻጻፎችን ለማዛመድ የሚያስችል አሠራር ቢኖራቸውም ሁልጊዜ ይሳካላቸዋል ብሎ መተማመን አይገባም። ስለዚህ የሚከተሉትን ነጥቦች ማስተዋል ይጠቅማል።

ሀ) አንድ አጻጻፍ መርጦ በጦማሩ ሁሉ መጠበቅ፦ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ «ዓለም» እና «አለም»፣ «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ» ሲቀላቀሉ ጽሑፉ በሁለቱም አጻጻፎች ይደክማል፤ የቋንቋው ክብርም ይጓደላል። በብዛት የተለመደ ሌላ አጻጻፍ ካለ ግን በአግባቡ አንድ ጊዜ መጥቀስ ይቻላል። ለምሳሌ ስለ «ንግድ ፈቃድ» የሚጽፍ ሰው፣ በርካታ ሰዎች «ንግድ ፍቃድ» ብለው ስለሚጽፉት፣ ይህንኑ አጻጻፍ በጽሑፉ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊያነሣው ይችላል።

ለ) ዋናውን ቃል ያለ ቅጥያ ማስፈር፦ በአማርኛ አንድ ስም ከፊቱና ከኋላው ብዙ ቅጥያዎችን ይወስዳል። «ቀፎ» የሚለው ቃል «የቀፎው»፣ «በቀፎዎች»፣ «ቀፎአችንን» እየሆነ ይለዋወጣል። ፈላጊው ግን በአብዛኛው የሚጽፈው መነሻውን ቃል ነው። በመሆኑም ዋናው ቃል ቢያንስ በርዕሱና በመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ ያለ ቅጥያ ቢገኝ ጠቃሚ ነው።

ሐ) የሙያውን ስያሜ ከሕዝቡ ስያሜ ጋር ማገናኘት፦ የእንስሳት ሕክምና ባለሙያ ስለ ኒውካስል በሽታ ሊጽፍ ይችላል፤ ዶሮ አርቢው ግን የሚያውቀው «ፈንግል» ብሎ ነው። የሰብል ባለሙያው ዝገት የሚያስከትሉ ፈንገሶችን ሲዘረዝር ገበሬው የሚፈልገው «የስንዴ ዋግ» የሚለውን ነው። ሁለቱም ስሞች በጽሑፉ ውስጥ ሊኖሩ ይገባል፤ ርዕሱ ግን አንባቢው በሚጠራው ስም ቢሆን ይመረጣል። ከሁሉም ምክሮች ይልቅ ለአንባቢ ቅርብ የሚያደርገው ይህ ነው፤ ጸሐፊው ጉዳዩን እንዴት እንደሚጠራው ሳይሆን ችግሩ የደረሰበት ሰው እንዴት እንደሚጠይቅ እንዲያስብ ያስገድደዋልና።

መ) አሕጽሮተ ቃላትን መዘርዘር፦ «ት/ቤት»፣ «መ/ቤት»፣ «ጠ/ፍ/ቤት» የመሳሰሉት ቢያንስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠቀሱ በሙሉ ስማቸው መጻፍ ይኖርባቸዋል።

ሠ) በላቲን ፊደል የሚጠይቁ ሰዎችን አለመዘንጋት፦ የአማርኛ የፊደል ሰሌዳ በስልካቸው ላይ ያልጫኑ ሰዎች አማርኛውን በላቲን ፊደል ጽፈው ይፈልጋሉ። ጽሑፉን በሁለት ፊደል መጻፍ አስፈላጊ ባይሆንም የጦማሩ ስምና የገጹ አድራሻ በላቲን ፊደል ቢዘጋጅ ለእነዚህ አንባቢዎች ይረዳል።

5. ርዕስ፣ አጭር መግለጫና የገጽ አድራሻ

በፍለጋ ውጤት ላይ በቅድሚያ የሚታየው የገጹ ርዕስ ነው። «ጠቃሚ መረጃ»፣ «ክፍል ሁለት»፣ «ይህን ያውቃሉ?» የሚሉ ርዕሶች ለፍለጋ ሞተሩም ሆነ ለሰው የሚነግሩት ነገር የለም። «ንቦች ቀፎ ጥለው የሚሄዱባቸው ምክንያቶችና መከላከያቸው» የሚለው ርዕስ ግን ጥያቄውንና መልሱን በአንድነት ያመለክታል። እያንዳንዱ ገጽ የራሱ የተለየ ርዕስ ሊኖረው ይገባል፤ በአንድ ገጽ ውስጥም ብዙ የማይዛመዱ ጉዳዮችን ከማጨቅ ይልቅ ለእያንዳንዱ ጉዳይ የራሱን ገጽ መስጠት የተሻለ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙ ንዑስ ርዕሶችም ፊደላቸውን በማደለብ ብቻ ሳይሆን የጦማሩ ሥርዓት ባዘጋጀው የርዕስ ምልክት መጻፍ ይኖርባቸዋል።

ከርዕሱ ሥር የሚታየው አጭር መግለጫ አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ሆኖ ጽሑፉ ምን እንደሚመልስ ቢገልጽ መልካም ነው። የፍለጋ ሞተሩ አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምትክ ከጽሑፉ ውስጥ ሌላ ቁራጭ መርጦ ሊያሳይ ይችላል። ቀድሞ ይዘወተር የነበረውና በገጹ ውስጥ በስውር የሚቀመጠው የቁልፍ ቃላት ዝርዝር ግን ጉግል ለደረጃ አሰጣጥ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 ያስታወቀ በመሆኑ በዚህ ላይ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም።

የገጹ አድራሻ በግዕዝ ፊደል ቢሆን የፍለጋ ሞተሮች ይቀበሉታል። ሆኖም አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር ውስጥ 3 ባይት ስለሚይዝ አድራሻው ተገልብጦ ሲላክ እያንዳንዱ ፊደል ወደ 9 ምልክቶች ሊዘረዘር ይችላል። አምስት ፊደላት ያሉት «ንብ ማነብ» የሚለው ሐረግ ብቻውን ከ45 በላይ ምልክቶች ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ረጅም አድራሻ በመልእክት ሲላክ ሊቆራረጥ ወይም አጠራጣሪ መስሎ ሊታይ ስለሚችል በላቲን ፊደል የተጻፈ አጭርና ግልጽ አድራሻ ይመረጣል። አንዴ የወጣን አድራሻ ያለ በቂ ምክንያት መቀየር አይገባም። መቀየሩ የግድ ከሆነም 301 በመባል የሚታወቀውን ቋሚ ማዘዋወሪያ በመጠቀም የቀድሞው አድራሻ ወደ አዲሱ እንዲመራ ማድረግ ያስፈልጋል።

6. ማስፈንጠሪያ፦ የሌሎች ምስክርነት

ጉግልን እ.ኤ.አ. በ1998 የመሠረቱት ላሪ ፔጅ እና ሰርጌ ብሪን ይዘውት የተነሡት ዋና ሐሳብ አንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ የሚያመለክት ማስፈንጠሪያ እንደ ምስክርነት ሊቆጠር ይችላል የሚል ነበር። ብዙዎች የመሰከሩለት፣ በተለይም ራሳቸው የተመሰከረላቸው የመሰከሩለት ገጽ የበለጠ ግምት ይሰጠዋል። ከዚያ ወዲህ የደረጃ አሰጣጡ በብዙ ሌሎች መመዘኛዎች የዳበረ ቢሆንም ማስፈንጠሪያ አዲስ ገጽ የሚገኝበት ዋነኛ መንገድ መሆኑ አልቀረም።

ለአዲስ ጦማር የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ማስፈንጠሪያዎች ከፍተኛ ዋጋ አላቸው። እነዚህን በቅን መንገድ ለማግኘት የሚከተሉት ይመከራሉ፦

• ጸሐፊው አባል የሆነበት የሙያ ማኅበር፣ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ወይም የሚሠራበት ድርጅት በድረ ገጹ ላይ ጦማሩን እንዲጠቅስ መጠየቅ፤
• በተመሳሳይ ጉዳይ ላይ ከሚጽፉ ሌሎች የአማርኛ ጸሐፊዎች ጋር በመተዋወቅ ለአንባቢ የሚጠቅም ሆኖ ሲገኝ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ መጥቀስ፤
• ሌሎች ሊጠቅሱት የሚገደዱበትን ሥራ ማዘጋጀት። ለምሳሌ የአንድን አካባቢ የንብ ቀሰም ዕፅዋት ከነአማርኛ ስማቸውና ከሚያብቡበት ወር ጋር የዘረዘረ ሠንጠረዥ በሌላ ቦታ የማይገኝ ከሆነ ተማሪውም ባለሙያውም ይጠቅሰዋል፤
• በጦማሩ ውስጥ የሚገኙ ተዛማጅ ጽሑፎችን እርስ በርስ ማገናኘት። ከመነሻው ገጽ በማስፈንጠሪያ የማይደረስበት ጽሑፍ ለፍለጋ ሞተሩም ሩቅ ነው።

ማስፈንጠሪያው የተጻፈበት ቃልም ትርጉም ይኑረው። «እዚህ ይጫኑ» ከማለት ይልቅ «የዘመናዊ ቀፎ አያያዝ መመሪያ» ብሎ መጻፍ ለአንባቢውም ለፍለጋ ሞተሩም ወዴት እንደሚመራ ይነግራል። በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚለጠፉ ማስፈንጠሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ለደረጃ አሰጣጥ ምስክር ተደርገው እንዳይቆጠሩ የሚያደርግ ምልክት ይቀመጥባቸዋል። ይሁንና አንባቢዎችን ስለሚያመጡና ከእነዚህ አንባቢዎች መካከል በራሳቸው ገጽ ላይ የሚጠቅሱት ሊኖሩ ስለሚችሉ ጥቅማቸው ቀላል አይደለም።

7. ጦማሩን ለፍለጋ ሞተሮች ማስታወቅ

ክሮውለሩ በራሱ ጊዜ እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ ጦማሩን ማስታወቅ ይቻላል። ጉግል ሰርች ኮንሶል፣ ቢንግ ደግሞ ዌብማስተር ቱልስ የተባሉ ነጻ አገልግሎቶች አሏቸው። አዘጋጁ በኢሜይል አድራሻው ከገባ በኋላ የጦማሩ ባለቤት መሆኑን የሚያረጋግጥ ኮድ በጦማሩ ውስጥ ወይም በዶሜይን ስሙ መዝገብ ላይ ያስቀምጣል። ከዚያም ሳይትማፕ የተባለውን የገጾች ዝርዝር ፋይል አድራሻ ያስገባል። ዎርድፕረስ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ከወጣው 5.5 ዕትም ጀምሮ ይህን ፋይል በራሱ ያዘጋጃል፤ ብሎገርም እንዲሁ ያደርጋል። አንድ ሳይትማፕ እስከ 50,000 አድራሻዎችን መያዝ ስለሚችል ለአብዛኞቹ ጦማሮች አንድ ብቻ በቂ ነው።

አንድን ገጽ ለይቶ እንዲመዘገብ መጠየቅም ይቻላል። ሆኖም ያንኑ ገጽ ደጋግሞ መጠየቅ ምዝገባውን አያፋጥንም። ገጹ መመዝገቡን ለማወቅ በጉግል መፈለጊያ ሳጥን ውስጥ «ሳይት» የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል ጽፎ ሁለት ነጥብ በማድረግ የጦማሩን አድራሻ ያለ ክፍተት ማስከተል ይቻላል። የተሟላውን መረጃ የሚሰጠው ግን ሰርች ኮንሶል ነው።

8. የእጅ ስልክና ፍጥነት

ጉግል ገጾችን ሲመዘግብ የሚመለከተው በእጅ ስልክ ላይ የሚታየውን መልካቸውን ነው። ስለዚህ በኮምፒዩተር ላይ ብቻ የሚታይ ጽሑፍ እንዳልተጻፈ ሊቆጠር ይችላል። ጦማሩን አነስተኛ ዋጋ ባለው ስልክና በተራ የኢንተርኔት መስመር ከፍቶ መሞከር ጥሩ ፈተና ነው። ከስልክ ካሜራ በቀጥታ የተጫኑ ፎቶግራፎች የገጽን ፍጥነት ከሚጎዱት ዋና ዋና ነገሮች መካከል ናቸው፤ መጠናቸውን ቀንሶ መጫን የአንባቢውን የዳታ ወጪም ይቆጥባል። የጦማሩ አድራሻ ኤችቲቲፒኤስ በተባለው የተመሰጠረ መንገድ የሚከፈት መሆኑም ሊረጋገጥ ይገባል፤ ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ይህንን በመመዘኛነት ይጠቀምበታል።

9. የሚጠበቀው ጊዜና ክትትል

አዲስ ገጽ በክሮውለር እስኪጎበኝ ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። በማውጫው ከገባ በኋላም ተፈላጊ ለመሆን ወራት ሊያስፈልጉ ይችላሉ። ስለዚህ ወቅትን የተከተሉ ጽሑፎች ቀደም ብለው መውጣት አለባቸው። በብዙ የአገራችን ደጋማ አካባቢዎች ዋናው የማር ቆረጣ የሚከናወነው የመስከረም አበባን ተከትሎ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ስለ ቆረጣ ዝግጅት የሚያስረዳ ጽሑፍ በጥቅምት አጋማሽ ቢወጣ አናቢው ሲፈልገው ላይደርስለት ይችላል፤ በሐምሌ ወይም በነሐሴ ቢወጣ ግን በጊዜው ይገኛል። ዓመት በዓላትን፣ የትምህርት ምዝገባን፣ የግብር መክፈያ ጊዜንና የእርሻ ወቅቶችን የሚመለከቱ ጽሑፎችም በዚሁ መልክ ሊታቀዱ ይገባል። በየዓመቱ አዲስ ገጽ ከመክፈት ይልቅ የነበረውን ገጽ በዚያው አድራሻ ማደስ ቀደም ሲል የተገኘውን ምስክርነት ለመጠበቅ ያስችላል።

ሰርች ኮንሶል ሰዎች በየትኞቹ ቃላት ፈልገው ጦማሩን እንዳዩትና ስንቶቹ እንደከፈቱት እስከ 16 ወራት ወደኋላ ያሳያል። ይህ መረጃ ለጸሐፊው ከአንባቢ የተላከ ደብዳቤ ያህል ነው። ስለ ቀፎ አያያዝ የተጻፈ ገጽ «ጉንዳን ከቀፎ እንዴት ይከላከላል» በሚል ጥያቄ እየታየ የማይከፈት ከሆነ ሰዎች የሚፈልጉት ገና ያልተጻፈ ጉዳይ መኖሩን ያመለክታል። ቀጣዩ ጽሑፍ ምን መሆን እንዳለበት ከዚህ የተሻለ መካሪ አይገኝም።

10. ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

ጦማራቸው ያልታየላቸው ሰዎች በተስፋ ሰጪ ማስታወቂያዎች ሊታለሉ ይችላሉ። ጉግል በመደበኛው የፍለጋ ውጤት ደረጃን ለማሻሻል ገንዘብ እንደማይቀበልና የመጀመሪያውን ቦታ ዋስትና ሊሰጥ የሚችል ማንም እንደሌለ በይፋ ገልጿል። ክፍያ የሚፈጸምባቸው ማስታወቂያዎች ከመደበኛው ውጤት ተለይተው ምልክት ተደርጎባቸው ነው የሚቀርቡት። «በአንድ ሳምንት የመጀመሪያው ገጽ ላይ እናወጣዎታለን» የሚል ማንኛውም ወገን ሊፈጽመው የማይችለውን ቃል እየገባ ነው። እንዲህ ላለው ወገን የጦማሩን የይለፍ ቃል አሳልፎ መስጠት ደግሞ ከገንዘቡም በላይ ጉዳት ያስከትላል።

ማስፈንጠሪያዎችን በገንዘብ መግዛት፣ ቁልፍ ቃላትን ያለ ትርጉም መደጋገም፣ ጽሑፍን በገጹ ቀለም መሰወር የፍለጋ ሞተሮችን ደንብ የሚጥሱ ተግባራት ሲሆኑ ጦማሩን ከውጤት እስከማስወጣት ሊያደርሱ ይችላሉ። ጉግል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ባሻሻለው ደንብ መሠረት ደረጃን ለማግኘት ሲባል ብቻ በብዛት የሚመረቱ ዋጋ ቢስ ገጾች፣ በሰውም ይዘጋጁ በሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ እንደ ጥሰት ይቆጠራሉ። ከውጭ ቋንቋ በኮምፒዩተር ተተርጉመው ሳይታረሙ የሚለጠፉ ጽሑፎችም ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። በተለይ በጤናና በሕግ ጉዳይ ያልታረመ ትርጉም አንባቢን ለአደጋ ሊዳርግ ይችላል።

የሌላን ሰው ጽሑፍ ወይም ፎቶግራፍ ያለ ፈቃድ መገልበጥ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀን መብት ይጥሳል። የፍለጋ ሞተሮችም ከተመሳሳይ ገጾች መካከል ብዙውን ጊዜ አንዱን ብቻ ስለሚያሳዩ ገልባጩ የሚያተርፈው ነገር የለም። የሰዎችን ስም፣ ፎቶግራፍ፣ የስልክ ቁጥርና የጤና ሁኔታ የሚገልጹ መረጃዎችን በሚመለከትም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መከበር ይኖርበታል። በፍለጋ ሞተር የተመዘገበ መረጃ ከጦማሩ ላይ ከተነሣ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ በውጤት ላይ ሊታይ ስለሚችል ጥንቃቄው መደረግ ያለበት ከመውጣቱ በፊት ነው።

ማጠቃለያ

አዲስ ጦማር የሚከፍት ሰው በቅድሚያ ጦማሩ ለፍለጋ ሞተሮች ክፍት መሆኑን፣ ጽሑፉ በዩኒኮድ መጻፉን፣ ርዕሱ አንባቢው በሚጠይቅበት ቃል መቀመጡን፣ ቢያንስ አንድ የታወቀ ድረ ገጽ እንደሚጠቁመውና ሳይትማፑ መመዝገቡን ያረጋግጥ። እነዚህ አምስት ተግባራት በአንድ ቀን ውስጥ ሊጀመሩ የሚችሉ ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ትዕግሥትና የማያቋርጥ ሥራ ነው።

የፍለጋ ሞተሮች ሊያቀርቡ የሚችሉት የተጻፈውን ብቻ ነው። በአማርኛ የተጻፉ፣ በሙያ የተደገፉና ለንባብ ክፍት የሆኑ ገጾች በበዙ ቁጥር በአማርኛ የሚጠይቅ ሰው በራሱ ቋንቋ መልስ የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። በየሙያው ዕውቀት ያላቸው ዜጎችም የሚያውቁትን በግልጽ አማርኛ ጽፈው በተገቢው ሥርዓት ለኅብረተሰቡ እንዲያደርሱ ይበረታታሉ።